ሳይጋሽብ መደገፍ፦ ረጃጅም የጓሮ ተክሎችን ስለ ማቆምና የደብርን ደን ስለ መጠበቅ



ባለፈው ክረምት ጾመ ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ በዳባት ዙሪያ በምትገኝ አንዲት አጥቢያ የአብነት ተማሪዎችን የጓሮ አትክልት ለማየት ሄደን ነበር። በሰኔ የተዘራው ባቄላ ከወገብ በላይ ደርሷል፤ አበባውም ከታች እስከ ላይ ፈክቷል። ተማሪዎቹ ከትምህርታቸው በተረፈው ሰዓት ሲያርሙና ሲኮተኩቱ ስለ ከረሙ በመደቡ ላይ አንድም አረም አይታይም ነበር። ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ የቀላቀለ ዝናብና በረዶ ወረደ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ሲያባራ ወጥተን ብንመለከት፣ ቆሞ የነበረው ባቄላ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ተነጥፎ አገኘነው።

የተማሪዎቹ መምህር ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ዘሩንም ፍጉንም አምጥታችኋል፤ መቋሚያውን ግን ረስታችሁታል» አሉን። እውነታቸውን ነበር። በዕቅዳችን ውስጥ ዘር፣ ኮምፖስት፣ መኮትኮቻና ውኃ ማጠጫ ተዘርዝረው ነበር፤ ችካልና ገመድ የሚል መስመር ግን አልነበረም።

ስሕተታችን በዚህ አላበቃም። በማግሥቱ ማለዳ የተነጠፈውን ለማቃናት ስንጣደፍ፣ ወጣቶቹን ችካል እንዲያመጡ ላክናቸው፤ ከየት እንደሚያመጡ ግን አልነገርናቸውም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልሳ ያህል ቀጫጭን እንጨት ተሸክመው መጡ። ቅጠሉ ገና ያልጠወለገ የወይራና የጥድ ለጋ ነበር፤ የተቆረጠውም ከደብሩ ደን ነው። የደብሩ ቄሰ ገበዝ እንጨቱን አንድ በአንድ እያነሡ ተመለከቱ፤ ማንንም አልተቆጡም፤ ፊታቸው ላይ ያየነው ኀዘን ግን ከቁጣ ይልቅ ከበደን።

ይህ እትም በእጃችሁ ሲገባ ሰኔ ተቃርቧል። ስለዚህ ከዚያ ቀን የተማርናቸውን ሁለት ነገሮች፣ ዘር ከመዘራቱ በፊት ልናካፍላችሁ ወደድን። አንደኛው፣ ረጅም ተክል የሚደገፈው ከወደቀ በኋላ ሳይሆን ሳይወድቅ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ለድጋፍ የሚሆነው እንጨት ከየት እንደሚመጣ ከድጋፉ በፊት መታሰብ እንዳለበት ነው።

ተክል ስለ ምን ይወድቃል?

ገበሬው «ጋሸበ» የሚለው ውድቀት በሁለት መንገድ ይደርሳል። አንዱ ከሥር የሚነሣ ነው፤ አፈሩ በውኃ ሲርስና ሲላላ ሥሩ መያዣ ያጣል፣ ተክሉም ሳይሰበር እንዳለ ያጋድላል። ሌላው ከአገዳ የሚነሣ ነው፤ ሥሩ ጸንቶ ሳለ አገዳው በመካከሉ ይታጠፋል ወይም ይቀነጠሳል። የመጀመሪያው ተክል ቶሎ ከተቃና ሊተርፍ ይችላል፤ የሁለተኛው ግን ውኃና ምግብ የሚመላለስበት መንገድ ስለ ተሰበረ ከስብራቱ በላይ ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ ይደርቃል።

ምክንያቱን ለመረዳት ረጅም እንጨት ጫፉን ይዞ መግፋትን ማሰብ ይበቃል። እንጨቱ በረዘመ ቁጥር ከጫፉ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ግፊት ከሥሩ ላይ ትልቅ ኃይል ይሆናል። ዝናብ የጠጣ ቅጠል፣ ፍሬ የተሸከመ ጫፍ፣ ከስሜን አምባዎች አፋፍ የሚወርድ ነፋስ ሲጨመርበት፣ ቁመቱ ራሱ ተክሉን ይጥለዋል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ዳባትም 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በእንዲህ ያለ ደጋ በሐምሌና በነሐሴ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤ ባቄላውም የሚያብበው በእነዚሁ ወራት ነው።

ከአየሩ ሌላ እኛው የምንጨምራቸው ምክንያቶችም አሉ። ተክሎች ተጠጋግተው ሲዘሩ እርስ በርስ ይጋረዳሉ፤ ሁሉም ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይሽቀዳደማሉ፤ አገዳቸውም ቀጭንና ረጅም ይሆናል። በዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከረጅም አጥር አጠገብ ያለ መደብም እንዲሁ ነው። ፍግ ከመጠን በላይ የበዛበት መደብ ቅጠሉ ያምራል፣ አገዳው ግን ለስላሳ ይሆናል። ውኃ በሚቋጥር አፈር ላይ የበቀለ ተክል ደግሞ ሥሩን ወደ ጥልቅ ስለማይሰድ ለመነቀል የቀረበ ነው። በዚያች አጥቢያ የወደቀው ባቄላ እነዚህ ሁሉ ነበሩበት፤ በእጅ ተበትኖ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል፣ ፍጉም በዝቶበታል። ያየነው ልምላሜ ራሱ የድካሙ ምልክት እንደ ነበር ያወቅነው ኋላ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ጓሮ ብቻ አይደለም። በሀገራችን የጤፍን ምርት ከሚቀንሱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ መጋሸብ ነው። በዓለም ላይም የስንዴ ተመራማሪዎች ለዘመናት የታገሉት ከዚሁ ጋር ነው፤ ማዳበሪያ ሲጨመር ስንዴው ይረዝማል፣ ሲረዝም ይወድቃል። ኖርማን ቦርሎግ የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ በሜክሲኮ ባካሄዱት ሥራ፣ ከጃፓን የመጣ የድንክ ስንዴ ዘርን በማዳቀል ማዳበሪያ ቢበዛበትም የማይወድቅ ባለ አጭር አገዳ ስንዴ አስገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጣቸውም በዋናነት በዚህ ሥራ ነው። በሰፊ ማሳ ላይ እያንዳንዱን አገዳ መደገፍ ስለማይቻል ተመራማሪዎች አገዳውን አሳጠሩት። በጓሮ ግን መደቡ ትንሽ፣ እጁም ቅርብ ስለሆነ መደገፍ ይቻላል።

የወደቀ ተክል ምን ያሳጣል?

ተክል ሲተኛ ቅጠሎቹ ይደራረቡና ብርሃን ያጣሉ። አበባው ከቅጠል ሥር ስለሚደበቅ ንብ አያገኘውም፤ ባቄላ ደግሞ ንብ ስትጎበኘው ፍሬው የሚበዛለት ተክል ነው። መሬት የነካው ፍሬ በእርጥበት ይበሰብሳል፣ አይጥም ይቀድመዋል። እርጥበት በታፈነበት ቦታ ቅጠልን በቡናማ ነጠብጣብ የሚያቃጥል የባቄላ በሽታ ይስፋፋል። በቲማቲም ላይም ዝናብ ከመሬት የሚፈናጥረው ጭቃ በሽታን ወደ ታችኛው ቅጠል ያደርሳል። ስለዚህ ድጋፍ የሚያቆመው አገዳውን ብቻ አይደለም፤ ብርሃንና ነፋሻ አየር በተክሉ መካከል እንዲያልፍም መንገድ ይከፍታል።

ከችካሉ በፊት የሚሠራ ሥራ

ጥሩ አያያዝ የችካሉን ሸክም ያቀላል። ስለዚህ አስቀድመን እነዚህን እንድታደርጉ እንመክራለን።

ባቄላን በመስመር ዝሩ። በመስመርና በመስመር መካከል 40 ሳንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር መተው በሀገራችን የተለመደ ምክር ነው። መደቡ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን፤ ውኃ እንዳይቋጥርም በዙሪያው ቦይ ይውጣለት። ፍጉ በደንብ የበሰለና በልክ የሆነ ይሁን። ተክሉ ከጉልበት በታች ሳለ በኩትኳቶ ጊዜ አፈሩን ወደ አገዳው ሰብስባችሁ አስታቅፉት፤ ድንች እንደምታስታቅፉት ማለት ነው። የታችኛው ቆባ መያዝ ሲጀምር ደግሞ የባቄላውን ጫፍ በጣት ቀንጥቡ። ተክሉ ወደ ላይ መሽቀዳደሙን ትቶ ፍሬውን ይሞላል፤ ለጋ ጫፍ የሚወደው ክሽክሽም ማረፊያ ያጣል። የተቀነጠበው ጫፍ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል።

ለየተክሉ የሚስማማ ድጋፍ

ሁሉም ተክል በአንድ ዓይነት እንጨት አይደገፍም። አንዱ ይደገፋል፣ አንዱ ይጠመጠማል፣ አንዱ ይጨብጣል። ይህን ሳይለዩ ችካል መትከል እንጨትና ድካም ማባከን ነው።

ባቄላ አገዳው ወፍራምና አራት ማዕዘን ሲሆን የሚይዝበት እጅ የለውም። እያንዳንዱን ተክል ማሰር አያስፈልግም፤ መደቡን በሙሉ በገመድ ማጠር ይበቃል። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 1.20 ሜትር ለሆነ መደብ፣ በግራና በቀኝ በየ1.50 ሜትሩ ገደማ ስምንት ስምንት፣ በድምሩ 16 ችካል ይተከላል። የችካሉ ቁመት 1.60 ሜትር ቢሆን 40 ሳንቲ ሜትሩ መሬት ይገባል። የመጀመሪያው ገመድ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መደቡን ይዞራል፤ ተክሉ ሲያድግ ሁለተኛው በ80 ሳንቲ ሜትር ላይ ይዞራል። ትይዩ የቆሙትን ችካሎችም በመደቡ ላይ በሚያልፍ ገመድ ማገናኘት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ በመካከል ያለው ባቄላ ወደ ውስጥ ይተኛል። ለዚህ ሁሉ 60 ሜትር ያህል ገመድ ይበቃል።

አተር በቅጠሉ ጫፍ በሚያወጣት ቀጭን ጅማት እየጨበጠ ይወጣል። ጅማቷ የምትይዘው ቀጭን ነገር ብቻ ነው፤ የእጅ አንጓ የሚያህል ችካል ብታቆሙለት ሊጨብጠው አይችልም። ለእርሱ የሚስማማው ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ጭራሮ ነው፤ ጭራሮውን በመስመሩ ላይ መሰካት ይበቃል። አባቶቻችን ባቄላና አተርን ቀላቅለው ሲዘሩ የኖሩትም ጥቅሙን አውቀው ነው፤ ባቄላው ይቆማል፣ አተሩ ባቄላውን ጨብጦ ይቆማል። ይሁን እንጂ አተሩ ከበዛ ሸክሙ ባቄላውን ራሱን ይጥለዋል፤ ስለዚህ የሚበዛው ባቄላው ይሁን።

ሐረግ የሚያወጣው አደንጓሬ ደግሞ አገዳውን ራሱን በእንጨት ላይ ይጠመጥማል። ውርጭ የማይነካው ቦታ ስለሚወድ ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ባሉ አጥቢያዎች የተሻለ ይሆናል። ለእርሱ ቅርፊቱ ሻካራ የሆነ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ ቋሚ እንጨት ያስፈልገዋል። ሐረጉን በእጅ ስትመሩት እርሱ በጀመረበት አቅጣጫ አዙሩት፤ በተቃራኒው ብትጠመጥሙት ተፈትቶ ይወርዳል። በቆሎ ወይም ማሽላ በሚበቅልበት ጓሮ፣ እህሉ ጉልበት ሲደርስ አደንጓሬውን ከሥሩ መዝራት ይቻላል፤ አገዳው ችካል ይሆንለታል።

ቲማቲም በደባርቅ ብርድ ይፈተናል፤ በአዲ አርቃይና በዛሪማ በኩል ባሉ ሞቃት ስፍራዎች ግን በመስኖ ይለማል። ሁለት ዓይነት እንዳለው ማወቅ ያሻል። ቁጥቋጦ መሰሉ ዓይነት አጭር ነው፤ ጥቂት ባላ ከሥሩ ቢቆምለት ይበቃዋል። ረጅሙ ዓይነት ግን ሳያቋርጥ ስለሚያድግ ለእያንዳንዱ ተክል 1.80 ሜትር የሚሆን ችካል ይፈልጋል፤ በቅጠልና በአገዳ መካከል የሚወጡትን ጎን ቀንበጦችም እየነቀሉ አንድ ወይም ሁለት አገዳ ብቻ መተው ይገባል። እንጨት ከጠፋ፣ ከሁለት ሁለት ተክል በኋላ አንድ ችካል ተክሎ ገመዱን አንድ ጊዜ በፊት፣ አንድ ጊዜ በኋላ እያሳለፉ ተክሎቹን በመካከል መያዝ ይቻላል፤ ይህም የችካሉን ቁጥር በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

የአበሻ ጎመን ለቅጠል ሲሆን ድጋፍ አይሻም። ለዘር የተተወው ግን ከሰው ቁመት ሊደርስ ይችላል፤ ፍሬው ሲከብድ ያጋድላል፣ ዘሩም መሬት ላይ ይረግፋል። የከርሞው ዘር በእነዚህ ጥቂት ተክሎች ላይ ስለሆነ ተጠንቅቆ መጠበቅ ይገባል። የተሻሉትን ከሦስት እስከ አምስት ተክል መርጣችሁ፣ በመካከላቸው አንድ ጠንካራ ችካል ተክላችሁ፣ ሰፋ ባለ ቀለበት በአንድነት ያዟቸው። ይህ ከመስቀል በዓል በፊት ቢጠናቀቅ መልካም ነው።

በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የሚተከሉ አበቦችም አሉ። ዳሊያ አገዳው ውስጡ ባዶ፣ አበባው ከባድ ስለሆነ በቀላሉ ይቀነጠሳል፤ የሱፍ አበባም ራሱ ሲሞላ ያጋድላል። ለእነዚህ ችካሉ አበባው ከመውጣቱ አስቀድሞ ይተከል፤ የዳሊያ ችካል ከአኮሩ ጋር አብሮ መሬት ቢገባ ኋላ አኮሩን ከመውጋት ያድናል።

አተካከልና አስተሳሰር

ችካል የሚተከለው ተክሉ ከጉልበት ሳያልፍ ነው። ያን ጊዜ ሥሩ ገና ስላልተንሰራፋ አይጎዳም፣ አገዳውም ገና ስላልተጣመመ አብሮ ቀጥ ብሎ ያድጋል። በደጋው የሚያገለግል ቀላል ደንብ ይኸውላችሁ፤ የባቄላ ችካል ጾመ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት፣ በሐምሌ መጨረሻ ይቁም። ከዚያ ከዘገየ ሥራው ድጋፍ መሆኑ ቀርቶ የወደቀ ማንሣት ይሆናል።

ከችካሉ ቁመት አንድ አራተኛው፣ ነፋስ በሚበዛበት ስፍራ አንድ ሦስተኛው መሬት ይግባ። ነጠላ ተክል ሲደገፍ ችካሉ ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ይሁን፤ ነፋሱ ተክሉን ከችካሉ ይገፋዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጋጨውም።

ማሰሪያው ለስላሳና ሰፋ ያለ ይሁን። ያረጀ ጨርቅ ተቀድዶ፣ ቃጫ ወይም ልጥ ለዚህ ይበቃል። ሽቦና ቀጭን ሲባጎ አገዳውን ይቆርጣሉ። ማሰሪያውን በመጀመሪያ በችካሉ ላይ አጥብቁት፤ ከዚያ በተክሉና በችካሉ መካከል አቋርጦ 8 ቁጥርን በሚመስል ቅርጽ አገዳውን በልቅቱ ይያዘው። በአገዳውና በማሰሪያው መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት።

ልቅ እንዲሆን የምንጠይቀው አገዳው እንዳይታነቅ ብቻ አይደለም። ነፋስ በልኩ የሚያወዛውዘው ተክል አገዳው አጠር፣ ወፈር እያለ ይጠነክራል። ሞርዴካይ ጃፌ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ ተክል ሲነካካና ሲወዛወዝ አስተዳደጉን እንደሚለውጥ አሳይተዋል። ከችካል ጋር ተጣብቆ የታሰረ ተክል ግን ይህን ልምምድ ስለማያገኝ ማሰሪያው የተፈታ ዕለት ይወድቃል። ይህ ነገር በተለይ በቅጽራችን ለምንተክላቸው የዛፍ ችግኞች መታሰብ አለበት። ችግኝ በነፋስ የሚናወጥ ከሆነ ከቁመቱ አንድ ሦስተኛ ላይ ዝቅ አድርጋችሁ በልቅቱ እሰሩት፤ ሥሩ ሲይዝ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ማሰሪያውን ፍቱት። ሳይፈታ የተረሳ ማሰሪያ ዛፉ ሲወፍር ያንቀዋል።

አንድ ማሳሰቢያም እንጨምር። ተማሪዎች ጎንበስ ብለው በሚሠሩበት መደብ የችካል ጫፍ ዓይን ይወጋል። ጫፉ ላይ ያረጀ ቆርቆሮ ወይም ቁራጭ ቅል መድፋት ቀላል ጥንቃቄ ነው።

ችካሉ ከየት ይምጣ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ትምህርታችን እንመለስ። በአንድ አጥቢያ 50 አባወራዎች እያንዳንዳቸው ከላይ በገለጽነው ልክ አንድ የባቄላ መደብ ቢደግፉ 800 ችካል ያስፈልጋል። ለችካል የሚመች እንጨት አውራ ጣት ወይም ከዚያ ጥቂት የሚወፍር፣ ቀጥ ያለና ለመቁረጥ የሚቀል ነው። በደን ውስጥ ይህ መልክ ያለው ለጋው ዛፍ ነው። ስለዚህ 800 ችካል ከደን ቢወጣ የሚጠፋው የደረቀ ወይም ያረጀ እንጨት ሳይሆን፣ አሮጌዎቹን ዛፎች ሊተካ የቆመው ትውልድ ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ስለማይነኩ ደኑ ከሩቅ ሲታይ ምንም አልጎደለበትም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ትልልቆቹ ሲያረጁ ነው።

በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ለዓመታት ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ትኩረት ከሰጡባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የመተካካት ጉዳይ ነው፤ ከብት በገባበትና በተረገጠበት ደን አዳዲስ ችግኞች ለመብቀልና ለማደግ ይቸገራሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አካባቢ በርካታ አድባራት በደኖቻቸው ዙሪያ የድንጋይ አጥር ሠርተዋል። ከብትን በአጥር ከልክለን ለጋውን በገጀራ የምንቆርጥ ከሆነ ግን አጥሩ ምን ይጠቅማል?

በእኛ አካባቢ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከደባርቅ ጀርባ ያለው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች አንዱ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው ከ20 ዓመታት በላይ ቆይቶ በ2017 ነው። ለችካል ብሎ ወደ አስታው መውጣት ሕግን መጣስ ብቻ ሳይሆን፣ በብዙ ድካም የተመለሰውን መልሶ ማጉደል ነው።

አማራጩ ሩቅ አይደለም። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ሀገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ በየአጥቢያው አለ፤ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። አምስት ሜትር የሆነ አንድ ቀጭን አጠና ሦስት ችካል ይወጣዋል፤ ስለዚህ ለ800 ችካል 270 ያህል አጠና ይበቃል። ቅርፊቱ ተልጦ፣ ቆሞ በጥላ ከደረቀ፣ ከመከር በኋላም ተነቅሎ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለተከታታይ ክረምቶች ያገለግላል። ባሕር ዛፉ ግን ከምንጭና ከእርሻ ርቆ የተተከለው ይሁን። በወንዝ ዳርና በቦረቦር የሚበቅለው ሸምበቆም ቀላልና ቀጥ ያለ ችካል ነው፤ ቢቆረጥ ተመልሶ ይወጣል፣ የሚሸረሸረውንም አፈር ይይዛል፤ መሬት ውስጥ ቶሎ ስለሚበሰብስ ግን በየጊዜው መተካት ያስፈልገዋል። በቆላው ወፍራም የማሽላ አገዳ ለአንድ ክረምት ይበቃል። ለአተር ጭራሮ ደግሞ አጥር ሲከረከም የሚወድቀው ቅርንጫፍ ራሱ ይሆናል።

ወድቆ ከተገኘስ?

ሁሉም ጥንቃቄ ተደርጎ የሚወድቅበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ዝናቡ እንዳባራ በርጥበቱ አትነካኩት፤ ቅጠሉ ውኃ ተሸክሞ ሳለ ሲነሣ ይሰበራል፣ በሽታም ከተክል ወደ ተክል በእጅ ይተላለፋል። ውኃው እስኪንጠፈጠፍ ጠብቁ። ነገር ግን ከሁለት ቀን በላይ አትቆዩ፤ የተኛ ተክል ጫፉን በራሱ ወደ ላይ ማቅናት ይጀምራል፣ ከዚያ ወዲያ አገዳውን በግድ ማቆም ስብራት ያመጣል። መጀመሪያ ችካሉን ትከሉ፣ ገመዱን ዘርጉ፤ ከዚያ ከዳር ጀምራችሁ በሁለት እጅ ከሥር እየደገፋችሁ በቀስታ አንሡት። ሙሉ በሙሉ ቀጥ ባይል አታስገድዱት፤ መሬት አለመንካቱ ይበቃል። ሥሩ የተነቀነቀውን አፈር አስታቅፉት፤ የተቀነጠሰውን ቆርጣችሁ ከመደቡ አርቁት።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ይህ ሥራ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቀን ቆጥሮ መዘጋጀትን ነው። ስለዚህ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ እንዲህ ቢመደብ እንላለን።

በግንቦት፦ የሚለሙ መደቦች ይቆጠሩ፤ የሚያስፈልገው ችካል ይሰላ፤ ባሕር ዛፉ ተቆርጦ፣ ተልጦ ይድረቅ። ከደብሩ ደን ምንም እንደማይቆረጥ በጉባኤ ተወስኖ ለምእመናን ይነገር።

በሰኔ፦ ዘር በመስመር ይዘራ፤ የውኃ ቦይ ይውጣ።

በሐምሌ፦ አፈር ይታቀፍ፤ ወሩ ሳያልቅ ችካሉ ይቁም፤ የመጀመሪያው ገመድ ይዙር።

በነሐሴ፦ ሁለተኛው ገመድ ይዙር፤ የባቄላው ጫፍ ይቀንጠብ።

በመስከረም፦ ለዘር የተተወው ጎመን ከመስቀል በፊት ይደገፍ፤ የጠበቀ ማሰሪያ ይላላ።

በኅዳርና በታኅሣሥ፦ ከመከር በኋላ ችካሉ ይነቀል፤ አፈሩ ይራገፍ፤ ተቆጥሮ በዕቃ ቤት ይቀመጥ። በሽታ በታየበት መደብ የነበረው ማሰሪያ ይቃጠል።

ለዚህ ሁሉ አንድ ኃላፊ ይሰየም። የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም ሳይሆን ሲቀር በራሳችን አይተነዋልና።

በዚያች አጥቢያ ካቃናነው ባቄላ ግማሽ ያህሉ ፍሬ ያዘ። ተማሪዎቹ ለዐቢይ ጾም ያስቀመጡት ክክ ግን ደብረ ዘይት ሳይደርስ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ኮፊዳቸውን ይዘው በየደጁ መውጣታቸው አልቀረም። ዘንድሮ የሰበካ ጉባኤው ከራሱ ባሕር ዛፍ ያስቆረጠው ችካል ተልጦ በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ተደግፎ እየደረቀ ነው። ባለፈው ወር ስንሄድ ቄሰ ገበዙ ወደ ደኑ ወሰዱንና ባለፈው ክረምት የተቆረጠበትን ስፍራ አሳዩን። የወይራዎቹ ጉቶዎች አቆጥቁጠዋል። ጥዶቹ ግን አላቆጠቆጡም፤ ጥድ ከጉቶው ተመልሶ አይበቅልምና። በየጉቶው አጠገብ አንድ አንድ የጥድ ችግኝ ለመትከል ጉድጓዱ ተቆፍሯል፤ ለችግኞቹ የሚሆነው ችካልም ከባሕር ዛፉ ተቆጥሮ ተለይቷል።